ብርድ በሞቃት አገር፤ ስለ ጅጅጋ ነፋስና ስለ እርጥብ ልብስ

«ጅጅጋ ቆላ ነው፤ ጋቢ ምን ያደርግልሃል?» የሚለው ምክር ወደ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ለሚመደብ አዲስ ተማሪ ከየቤቱ የሚሰጠው ስንቅ ሆኗል። መካሪዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። የሶማሌ ክልል ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚታየው ፀሐይ፣ አሸዋና ግመል ብቻ ስለ ሆነ ነው። ተማሪውም ምክሩን ሰምቶ ሁለት ስስ ሸሚዝና አንድ ነጠላ ጫማ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይደርሳል። ማልዶ በባጃጅ ሲሳፈር ከግራና ከቀኝ የሚገባው ነፋስ እስከ አጥንቱ ይዘልቃል። ወይም በክረምት ከቶጎ ውጫሌ በክፍት ፒካፕ ሲመለስ ዝናብ ይመታውና ከተማ እስኪገባ ድረስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ያን ጊዜ፣ «በቆላ አገር ይህን ያህል መንቀጥቀጥ ከየት መጣ? ወባ ይሆን እንዴ?» ብሎ ይደነቃል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የተነሣነው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፣ ሰውን የሚያበርደው ቴርሞ ሜትር የሚያሳየው የአየር ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም፤ ነፋስና እርጥበት ሲጣመሩ ሞቃት በሚባል አገርም ሰውን እስከ አደጋ ያደርሱታል። ይህን የተረዳ ሰው ብዙ ልብስ ባይኖረውም ሙቀቱን ሊጠብቅ ይችላል፤ ያልተረዳ ግን ብዙ ልብስ ተሸክሞም ሊበርደው ይችላል። ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም ከዕውቀት ማነስ የተነሣ የሚፈጸም አንድ ስሕተት፣ በተለይም ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ መተኛት፣ ሕይወት የሚያጠፋ ስለ ሆነ አንባቢዎቻችን እስከ መጨረሻው እንዲከታተሉን እንለምናለን።

የአገሩ አቀማመጥ

በመጀመሪያ «ጅጅጋ ቆላ ነው» የሚለውን አባባል እንመርምር። ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየር ከፍ ባለ ቁጥር እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረናል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ከፍታዋን ብቻ ብናሰላ እንኳ ጅጅጋ ከጅቡቲ ወደብ በ10 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘች ትሆናለች ማለት ነው።

በዚሁ ክልል ሰሜናዊ ክፍል ሁለት ዐይነት አገር አለ። ሽንሌ፣ ኤረር፣ አይሻና ደወሌ በስተሰሜን ዝቅ ባለው ምድር ያሉ፣ በእውነትም ቆላ የሚባሉ ናቸው። ጅጅጋ፣ ቀብሪ በያህ፣ ሐርትሼክና ቶጎ ውጫሌ ግን ከካራማራ በር ወዲያ ተዘርግቶ በሚገኘው ከፍ ያለ ሜዳ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ለሁለቱም አንድ ዐይነት ልብስ ማዘጋጀት የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ከከፍታው ቀጥሎ የሚነሣው የሰማዩ ጥራት ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ ትመልሰዋለች። ደመናና እርጥብ አየር ባለበት አገር ከዚሁ ሙቀት ብዙው ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ደመናው ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። ሶማሌዎች ጂላል በሚሉት ደረቅ ወራት ግን የጅጅጋ ሰማይ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለ ሆነ ምድሪቱ ራቁቷን እንደ ተኛች ትቈጠራለች። ስለዚህ ቀን በሸሚዝ የሚያስኬደው አየር ሌሊት 10 ዲግሪና ከዚያም በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው ምክንያት ሜዳው ነው። ነፋስን የሚያግድ ደን ወይም የተቀራረበ ተራራ በሜዳው ላይ የለም። የክልሉ ነፋስ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በአይሻ የተተከለውን የነፋስ ኀይል ማመንጫ ማየት ይበቃዋል፤ ያን ያህል ትልቅ መዘውር ነፋስ በሌለበት አገር አይተከልምና።

ሰውነት ሙቀቱን በምን ያጣል?

የሰው ውስጠኛ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 70 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም ከአንድ ባለ 80 ዋት አምፑል ጋር የሚተካከል ነው። ያመነጨውንም ያህል ወደ ውጭ ካላስወጣ ይሞቀዋል፤ ካመነጨው በላይ ካስወጣ ይበርደዋል። ሙቀት ከሰውነት የሚወጣባቸው መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው በንክኪ ነው፤ በቀዝቃዛ ብረት ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ሙቀቱን ለብረቱና ለወለሉ ይሰጣል። ሁለተኛው በዝውውር ነው፤ ቆዳችን ያሞቀውን አየር ነፋስ ጠርጎ ይወስድና በቦታው ቀዝቃዛ አየር ይተካል። ሦስተኛው በጨረር ነው፤ ስለ ምድር እንደ ተናገርነው ሰውነትም ወደ ጥርት ሰማይ ይጨርራል። አራተኛው በትነት ነው፤ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከቆዳ ሙቀት ይወስዳል።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ በደረቅ ልብስ ለተቀመጠ ሰው እነዚህ መንገዶች ጠባብ ናቸው። በክፍት መኪና ላይ በእርጥብ ልብስ ለተሳፈረ ሰው ግን ሁለተኛውና አራተኛው እንደ ተበረገደ በር ናቸው። ስለዚህ በተለይ ስለ ሁለቱ እንናገራለን።

ነፋስ የሚሠራው ሥራ

ነፋስ ቴርሞ ሜትርን አያወርድም። አየሩ 10 ዲግሪ ከሆነ ነፋስ ቢነፍስም ባይነፍስም ቴርሞ ሜትሩ 10 ይላል። ሰው ግን ቴርሞ ሜትር አይደለም፤ ሙቀት የሚያመነጭ አካል ስለ ሆነ የሚሰማው የሙቀቱ አወጣጥ ፍጥነት ነው።

ይህን በመጀመሪያ በጥንቃቄ ከለኩት ሰዎች መካከል ፖል ሲፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ አሜሪካውያን ይገኛሉ። በ1941 እ.ኤ.አ. በአንታርክቲካ ሳሉ ውሃ የሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ በውጭ ሰቅለው፣ ነፋሱ በተለዋወጠ ቁጥር ውሃው በምን ያህል ፍጥነት በረዶ እንደሚሆን መዘገቡ። ከእነርሱ ሥራ የተነሣው ስሌት በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ታርሞ አሁን በሥራ ላይ ይገኛል። በዚህ በታረመው ስሌት መሠረት፣ አየሩ 10 ዲግሪ ሲሆንና ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በፊት ቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድ ነፋስ በሌለበት የ7 ዲግሪ ያህል ነው፤ ነፋሱ 60 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግሞ የ5 ዲግሪ ያህል ይሆናል።

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ፒካፕ ላይ የተሳፈረ ሰው፣ ሜዳው ጸጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ራሱ ፈጥሯል። ከጅጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ያለው መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል በዚህ ነፋስ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህም በላይ ስሌቱ የተሠራው ደረቅ ለሆነ ቆዳ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እርጥብ የሆነ ሰው ነገር ሌላ ነው።

የእንስራው ምሥጢር

እናቶቻችን ውሃ በሸክላ እንስራ አኑረው ጥላ ሥር ሲያስቀምጡት በቀትር ፀሐይም እየቀዘቀዘ እንደሚጠጣ ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱም ሸክላው ጥቂት ጥቂት ውሃ ወደ ውጭ ያልባል፤ ያም ውሃ ሲተን ከእንስራው ውስጥ ሙቀት ይወስዳል። ነፋስ ያለበት ቦታ ሲቀመጥ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰው በነፋስ ሲቀመጥ እርሱ ራሱ እንስራ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ግራም ውሃ ከቆዳ ላይ ሲተን 0.58 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይወስዳል። በዝናብ የራሰ ሱሪ፣ ሸሚዝና ነጠላ በአንድነት ግማሽ ሊትር ውሃ ይዘዋል ብንል፣ ውሃው ሁሉ እስኪተን ድረስ የሚወስደው ሙቀት 290 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሰውነቱ በአንድ ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ማጣት ይበቃዋል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሙቀት ከሰውነቱ ብቻ ቢወሰድና ምትክ ባይገኝለት ሰውየው ወደ 6 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ነበር። በእውነቱ ከሙቀቱ ከፊሉን የሚሰጠው በዙሪያው ያለው አየር ነው፤ ሰውነቱም ያለማቋረጥ ያመነጫል፤ ስለዚህ ነገሩ እስከዚህ አይደርስም። ይሁን እንጂ በሰዓት 70 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ለሚያመነጭ አካል ይህ ከባድ ዕዳ መሆኑ ግልጽ ነው።

ይህን በዐይኑ ለማየት የሚፈልግ በቤተ ሙከራ ሁለት ቴርሞ ሜትር ወስዶ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልል፤ ሁለቱንም በመስኮት ነፋስ ላይ ይስቀላቸው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲያነብ እርጥቡ ከደረቁ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። በደረቁ ወራት ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው፤ በዝናብ ቀን ግን አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለ ተሞላ ይጠብባል።

ከባሕር የመጣ ምስክር

ይህ ሁሉ የደጋና የሜዳ ነገር ብቻ እንዳይመስል ከእውነተኛ ሞቃት አገር ምስክር እናምጣ። በክልላችን ሰሜናዊ ጫፍ ከደወሌ ወዲያ የጅቡቲ ምድር ይጀምራል፤ ከዚያም የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። በዚያ ባሕር ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው፣ ሰው የማይነካው ሻርክ ይመጣል። እርሱንና የባሕሩን ሥር ለማየት የመተንፈሻ ዕቃ በጀርባቸው ተሸክመው የሚጠልቁ ጎብኚዎች በጀልባ ይሄዳሉ። የባሕሩ ውሃ በነዚህ ወራት እንኳ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት አለው። ታዲያ እነዚህ ጠላቂዎች ከውሃው ወጥተው ጀልባው ላይ ሲቀመጡ፣ በሐሩር ፀሐይ ሥር፣ ይንቀጠቀጣሉ!

ምክንያቱን አሁን አንባቢያችን ራሱ ሊያስረዳ ይችላል። ውሃ ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ ከ37 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ለብ ያለ ቢመስልም ሙቀት ሲቀማ ይቆያል። ጠላቂው ከውሃው ሲወጣ ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። ከዚያም ጀልባው ሲሮጥ ነፋስ ይነሣል፤ በሰውነቱና በልብሱ ላይ ያለው ውሃ ይተናል፤ እንስራው ሥራውን ይጀምራል። ይህን ዕዳ ሳይከፍል ለሁለተኛ ጊዜ ቢጠልቅ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይበርደዋል።

ጠላቂዎች የሚለብሱት ጥብቅ የጎማ ልብስም ትምህርት አለው። ይህን ልብስ በ1951 እ.ኤ.አ. ገደማ ያሰበው ሂው ብራድነር የተባለ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ልብሱ ኒዮፕሪን ከሚባል፣ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ከሞሉበት ጎማ ይሠራል። ሙቀቱን የሚጠብቀው ጎማው ሳይሆን በአረፋዎቹ ውስጥ የታሰረው ጋዝ ነው። የእኛ ጋቢም ሥራው ይኸው ነው፤ የሚያሞቀን ጥጡ ሳይሆን በአራቱ እጥፍ መካከል ተይዞ የቀረው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ልዩነቱ የኒዮፕሪን አረፋ ዝግ ስለ ሆነ ውሃ አይገባበትም፤ ጋቢ ግን ሲርስ አየሩ ይወጣና ውሃ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ የራሰ ጋቢ ሸክም እንጂ ልብስ አይደለም። ሱፍ በዚህ ረገድ ከጥጥ ይሻላል፤ ቢርስም ከአየሩ ጥቂቱን ይዞ ይቀራል።

በጀልባ ላይ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ከውሃ እንደ ወጡ እርጥቡን ያወልቃሉ፤ ገላቸውን በፎጣ ያደርቃሉ፤ ደረቅ ልብስ ለብሰው በላዩ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ይደርባሉ፤ ቆብ ያደርጋሉ፤ ከነፋሱ ተከልለው ይቀመጣሉ፤ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ይጠጣሉ። ቆይታው አጭር ሆኖ የጎማውን ልብስ ማውለቅ የማያመች ከሆነ ደግሞ በእርጥቡ ልብስ ላይ ነፋስ የማያሳልፈውን ጃኬት ይደርቡበታል። ይህ ሁለተኛው ብልሃት ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ምክንያቱም በፒካፕ ላይ ዝናብ የመታው ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቀይረው ልብስ የለውም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ላስቲክ ቢኖረውና በእርጥብ ልብሱ ላይ ቢጠቀለልበት፣ ነፋሱ ይታገዳል፤ እንፋሎቱም መውጫ ያጣና ትነቱ ይገታል። እርጥቡ ይሞቃል እንጂ አይተንም። ፊትን ሳይሸፍኑ፣ መተንፈሻን ሳይዘጉ ነው እንጂ፣ አንድ ላስቲክ ብቻውን ከሁለት የራሰ ሹራብ ይበልጣል።

የአገሩ ሰው ጥበብ

ይህን ዕውቀት የሜዳው ሰዎች ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ አግኝተውታል። አቃል የሚባለውን የአርብቶ አደሩን ቤት እንመልከት። የተቆለመሙ እንጨቶች ጉልላት ሆነው ይቆማሉ፤ በላያቸውም የተጠለፈ ምንጣፍ ተደራርቦ ይለብሳል። ክብነቱና ዝቅታው ነፋሱን በላዩ አንሸራትቶ ያሳልፈዋል፤ የምንጣፉ ድርብርብ አየር ይይዛል። የሴቶቹ ጋርባሳርና የወንዶቹ ሻል እንደዚሁ ቀን ከፀሐይ፣ ሌሊት ከነፋስ የሚከልሉ ናቸው።

የሐርትሼክም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በዚያ ሜዳ ሰፈሩ፤ ጣቢያውም በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በአንድ ወቅት ከዓለም ትላልቅ የስደተኞች ጣቢያዎች አንዱ ነበር። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ሰዉ መጠለያውን የሠራው በዚሁ በአቃል ቅርጽ ነው፤ በእንጨቱ ጉልላት ላይ ያገኘውን ጨርቅና ላስቲክ አለበሰ። ጨርቁ አየር ይይዛል፤ ላስቲኩ ነፋስና ዝናብ ያግዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ቤት የሚሆኑት።

ስለ ሻሂም አንድ ቃል እንጨምር። በጅጅጋ የሚጠጣው ሄልና ዝንጅብል የገባበት፣ ወተትና ስኳር የበዛበት ሻሂ እንዲያው ለደስታ ብቻ አይደለም። አንድ ብርጭቆ፣ 200 ግራም ያህል፣ በ60 ዲግሪ ቢጠጣ በትኩሳቱ ለሰውነት የሚሰጠው ሙቀት 5 ኪሎ ካሎሪ እንኳ አይሞላም። በውስጡ 20 ግራም ስኳር ቢኖር ግን ስኳሩ ብቻውን 80 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። እንግዲህ የሚያሞቀን ከትኩሳቱ ይልቅ ጣፋጭነቱ ነው። ሰውነት ሲንቀጠቀጥ ከተለመደው ሦስትና አራት እጥፍ ሙቀት ሊያመነጭ ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን የሚያነደው ነገር ሲያገኝ ነው። ራት ሳይበላ የተኛ ሰው እንጨት የሌለው ምድጃ ነው።

ልንተዋቸው የሚገቡ ልማዶች

አንዳንዱ ሲበርደው አረቄ ይጠጣል። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ከውስጥ ያለው ሙቅ ደም ወደ ውጭ ይወጣና ለጊዜው ይሞቃል፤ በዚያው ግን የውስጡ ሙቀት ያልቃል። የተሰማው ሙቀት እየወጣ ያለው ሙቀት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በጫት መንገዱን ይገፋል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይቆርጣል፤ ሳይበሉ የሚያመሽ ሰውነት ደግሞ፣ ቀደም ብለን እንዳልነው፣ የሚያነደው አያገኝም።

«የሰውነት ሙቀት ግማሹ በራስ በኩል ይወጣል» የሚለውም ወሬ ትክክል አይደለም። ራስ ከሰውነት ገጽ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ የሚያወጣውም ሙቀት ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ሌላው አካል ተሸፍኖ ራስ ብቻ ሲገለጥ በር ዘግቶ መስኮት መክፈት ስለ ሆነ፣ ቆብ ወይም ሻል ማድረግ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከሰል ነው። በከተማው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ ወደ ክፍላቸው አግብተው፣ ነፋስ እንዳይገባ በሩን ዘግተው፣ መስኮቱንም በጨርቅ ወትፈው የሚተኙ አሉ። ከሰል አየር ባነሰው ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ ጠንክሮ ስለሚጣበቅ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ብዙ ሰው፣ «ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ ጭሱም ወጥቷል፤ ከእንግዲህ አይጎዳም» ይላል። ጭሱ ቢያልቅም ጋዙ አያልቅም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ይሞታል። ስለዚህ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ይዞ መተኛት ፈጽሞ መተው ያለበት ነገር ነው። ለዕጣን የሚቀርበው ፍምም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። የበረደው ሰው ለባልንጀራው በር ያንኳኳ፤ ብርድ ልብስ ይዋስ፤ ሁለት ሆነው ይደሩ እንጂ ከሰል አይታቀፍ።

የአደጋ ምልክትና የመጀመሪያ ርዳታ

መንቀጥቀጥ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ሥራ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና በደኅናው በኩል ነው። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል። እየባሰ ሲሄድ ንግግሩ ይጎተታል፤ እጁ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፤ ሲራመድ ይደናቀፋል፤ ነገር ይምታታበታል፤ በመጨረሻም መንቀጥቀጡ ይቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ተሻለው፤ መንቀጥቀጡን ተወ፤ ይተኛ» ይባላል። ሳይሞቅና ሳይደርቅ መንቀጥቀጥ ያቆመ ሰው ተሽሎት ሳይሆን አቅሙ አልቆ ነውና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

እስከዚያው ድረስ ከነፋስ ይከለል፤ እርጥብ ልብሱ ይውለቅ፤ በደረቅ ልብስ ይጠቅለል፤ ከሥሩ ምንጣፍ ወይም ጆንያ ይነጠፍለት፤ በተለይ ደረቱና ሆዱ ይሙቅ። እጅና እግሩን ማሸት፣ ወደ እሳት ማስጠጋት ወይም በፍል ውሃ መንከር አይገባም። ልቡናው ያልጠፋና መዋጥ የሚችል ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ይጠጣ፤ አረቄ ግን አይቅመስ።

በሌላ በኩል ደግሞ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ ከነፋስ ተከልሎ፣ በልቶም የሚንቀጠቀጥና ገላው የሚያተኩስ ሰው ነገሩ ከነፋስ አይደለም። ወባ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር። ብርድን ሁሉ በሽታ ማለት ስሕተት እንደ ሆነ፣ በሽታን ሁሉ ብርድ ማለትም ስሕተት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተናገርነው ሁሉ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ መድረቅ፣ መከለል፣ መብላት። ቅደም ተከተሉም እንደ ተጻፈው ነው። መጀመሪያ እርጥቡን አውልቅ፤ ካልተቻለህ በላዩ ላስቲክ ደርብ። ቀጥሎ ነፋሱን ከልል፤ በፒካፕ ላይ ከሆንክ ከሾፌሩ ክፍል ጀርባ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ፤ ብረቱ ላይ ሳይሆን ሻንጣህ ወይም ጆንያ ላይ ተቀመጥ። ከዚያ ብላ፣ ጠጣም። የልብስ ውፍረት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ተማሪ ብርዱን አስቦ ጋቢውንና ሹራቡን ይይዛል፤ ስለዚህ ብርዱ የበረታ ቢሆንም ያልተዘጋጀ ሆኖ አያገኘውም። የጅጅጋ ብርድ ከደብረ ብርሃን ያነሰ ሆኖ ሳለ የሚጎዳን ሳንጠብቀው ስለሚያገኘን ነው።

ስለዚህ አንድ አሳብ እናቀርባለን። የተማሪዎች ማኅበራችን በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በሚያደርገው አቀባበል ላይ ሦስት መስመር ያክልልን፤ «ጋቢህን ይዘህ ና። በመንገድ ላስቲክ ከአንተ አይለይ። ከሰል ከመኝታ ክፍልህ ይውጣ።» ተመርቀው የሚሄዱ ነባር ተማሪዎችም ወደ ሞቃት አገራቸው ሲመለሱ የማያስፈልጋቸውን ሹራብና ብርድ ልብስ ለማኅበሩ ትተው ቢሄዱ፣ በኅዳር ሌሊት ለሚደርሰው አዲስ ወንድም ወይም አዲስ እኅት ከብዙ ምክር የሚበልጥ አቀባበል ይሆናል። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ መጋዘን የሚሆን አንድ ሣጥንና ኀላፊነቱን የሚወስድ አንድ ኮሚቴ ይበቃል።